ትእዛዝ፣ እምቢታ እና ይግባኝ፦ በአለመታዘዝ የተቀጣ ወታደር ለበላይ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ክርክር

መግቢያ

ወታደራዊ ተቋም የቆመው በትእዛዝ ላይ ነው። አዛዥ ያዝዛል፣ ታዛዥ ይፈጽማል፤ በመካከል ክርክር ከገባ ግዳጅ ይስተጓጎላል፣ የጓድ ሕይወትም ለአደጋ ይጋለጣል የሚለው እምነት በየአገሩ የሠራዊት ሕግ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ስለዚህም በሲቪል መሥሪያ ቤት ከሥራ ከመሰናበት የማያልፍ ውጤት የሚኖረው እምቢታ፣ በሠራዊት ውስጥ ለእስራት የሚያበቃ ወንጀል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወታደር የደንብ ልብስ ሲለብስ ዜግነቱን አያወልቅም። በአለመታዘዝ ተከስሶ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሲቀጣ፣ የሚቀጣው ተቋም ትእዛዙን የሰጠው ተቋም ራሱ ነው። ከሳሹም፣ ፈራጁም፣ አብዛኞቹ ምስክሮችም በአንድ የዕዝ ሰንሰለት ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ይግባኝ ለወታደር የተለየ ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዕዝ ሰንሰለቱ የራቀ አካል ጉዳዩን እንዲመለከተው የሚያደርገው መንገድ ይኸው ብቻ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄን መመርመር ነው፦ በአለመታዘዝ የተቀጣ ወታደር ይግባኝ በሚልበት ጊዜ የበላይ ፍርድ ቤት ምን ምን ጉዳዮችን ሊመረምርለት ይችላል? ለዚህ ዋና ማሳያ ሆኖ የተመረጠው በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የታየው የሻምበል ሃዋርድ ሌቪ ጉዳይ ነው። ጉዳዩን ለማብራራትም ሁለት ሌሎች ክርክሮች ተጨምረዋል፤ አንደኛው የአሜሪካዊው ወታደር የማይክል ኒው ጉዳይ፣ ሁለተኛው ደግሞ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ወታደሮች አቤቱታ ላይ የሰጠውና «የኤንግል ጉዳይ» በመባል የሚታወቀው ፍርድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አለመታዘዝ እንደ ወንጀል

የአለመታዘዝ ወንጀል በጥቅሉ በሦስት ፍሬ ነገሮች ይመሠረታል። እነዚህም ሥልጣን ካለው የበላይ የተሰጠ ትእዛዝ መኖሩ፣ ታዛዡ ትእዛዙን ማወቁ፣ እንዲሁም እያወቀ ሆን ብሎ ሳይፈጽመው መቅረቱ ናቸው። በ1950 የወጣው የአሜሪካ ወጥ የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ በአንቀጽ 90 የሚቀጣው የበላይ መኮንኑን ሕጋዊ ትእዛዝ ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ነው። በድንጋጌው ውስጥ «ሕጋዊ» የምትለው ቃል አጭር ብትሆንም ለክርክር በር የምትከፍተው እርሷ ናት። ትእዛዙ ሕጋዊ ካልነበረ እምቢታው ወንጀል አይሆንም።

በተግባር ግን በሩ ጠባብ ነው። በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ የወታደራዊ ግዴታን መፈጸም የሚጠይቅ ትእዛዝ ሕጋዊ እንደሆነ ይገመታል። ትእዛዙን የጣሰ ወታደር ይህን የሚያደርገው ኃላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዶ ነው፤ ግምቱ የማይሠራው ትእዛዙ በግልጽ ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ለምሳሌ ወንጀል እንዲፈጸም የሚያዝ ሲሆን ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ወታደር ለእምቢታው የሚያቀርባቸውን ምክንያቶች በሦስት ደረጃ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ትእዛዙ ጥበብ የጎደለው ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ትእዛዙ ከሕሊናዬ ወይም ከሙያ ሥነ ምግባሬ ጋር ይጋጫል የሚለው ነው። ሦስተኛው ትእዛዙ ሕግን ይጥሳል የሚለው ነው። ፍርድ ቤት እንደ መከላከያ የሚቀበለው በመርሕ ደረጃ ሦስተኛውን ብቻ ነው። የብዙ ይግባኞች ችግር የሚጀምረውም ወታደሩ በሁለተኛው ምክንያት እምቢ ብሎ በሦስተኛው ለመከራከር በሚገደድበት ጊዜ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ትእዛዝን መፈጸምም ሁልጊዜ መጠለያ አለመሆኑ ነው። በመጋቢት 1968 በቬትናም ማይ ላይ በተባለች መንደር በተፈጸመው ጭፍጨፋ በግድያ ጥፋተኛ የተባለው መቶ አለቃ ዊሊያም ካሊ፣ «የበላዬ አዝዞኝ ነው» በማለት ተከራክሮ ነበር። የአሜሪካ የወታደራዊ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1973 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ፍርዱን አጽንቷል፤ መለኪያውም መደበኛ የማስተዋል ችሎታ ያለው ሰው ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነበር። እንግዲህ ወታደሩ በሁለት አደጋዎች መካከል ይቆማል። ሕጋዊ ትእዛዝን ከጣሰ በአለመታዘዝ፣ በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነን ትእዛዝ ከፈጸመ ደግሞ በዋናው ወንጀል ይጠየቃል። ሁለቱን የሚለየውን መስመር በቅጽበት መለየት ያለበት እርሱ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ግን በዚያው መስመር ላይ ዓመታት ይከራከራሉ።

2. የሻምበል ሌቪ ጉዳይ፦ ከትእዛዙ እስከ ቅጣቱ

ሃዋርድ ሌቪ በኒውዮርክ ብሩክሊን የተወለደ የቆዳ ሐኪም ነው። በዘመኑ ሐኪሞች የስፔሻላይዜሽን ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ የውትድርና ግዴታቸው እንዲዘገይላቸው የሚፈቅድ አሠራር ነበር፤ ሌቪም በዚህ አሠራር ተጠቅሞ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በ1965 በሻምበልነት ማዕረግ በደቡብ ካሮላይና ግዛት በሚገኘው የፎርት ጃክሰን ጦር ሰፈር ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። ከሥራው ውጭ ባለው ጊዜ በአካባቢው ጥቁር አሜሪካውያን ለመራጭነት እንዲመዘገቡ በሚደረገው ጥረት ይሳተፍ ነበር።

ከሆስፒታሉ ተግባራት አንዱ ለልዩ ኃይል የሕክምና ረዳቶች ሥልጠና መስጠት ነበር። እነዚህ ረዳቶች ቁስለኛን ከማከም በተጨማሪ በውጊያ የሚሳተፉ ወታደሮች ነበሩ። በ1966 የበጋ ወራት መጨረሻ የሆስፒታሉ አዛዥ የቆዳ ሕክምናው ሥልጠና በአግባቡ እየተሰጠ አለመሆኑን ተገነዘበ፤ ጉዳዩን ካጣራ በኋላም ሌቪን ወደ ቢሮው ጠርቶ ሥልጠናውን እንዲሰጥ የሚያዝ የጽሑፍ ትእዛዝ በእጁ ሰጠው። ሌቪ ትእዛዙን አነበበ፣ እንደተረዳውም ገለጸ፤ ነገር ግን ከሕክምና ሥነ ምግባሩ ጋር ስለሚጋጭ እንደማይፈጽመው ተናገረ። በኋላ በተደረገው ክትትልም ሥልጠናው እንዳልተሰጠ ተረጋገጠ። ከዚህ በተጨማሪ ሌቪ ለበታች ወታደሮች የቬትናምን ጦርነት ሲያወግዝ፣ በአገራቸው መድልዎ የሚደርስባቸው ጥቁር ወታደሮች ወደ ቬትናም መሄድ እንደሌለባቸው ሲናገርና የልዩ ኃይል አባላትን በነፍሰ ገዳይነት ሲከስስ እንደነበር በማስረጃ ቀረበ።

አዛዡ በመጀመሪያ ያሰበው ጉዳዩን ያለ ፍርድ ሂደት በሚወሰን ቀላል የዲሲፕሊን ቅጣት ለመጨረስ ነበር። የወታደራዊ ደኅንነት ክፍል ስለ ሌቪ ያጠናቀረውን ፋይል ከተመለከተ በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አደረገ። ይህ የመንገድ ለውጥ በሕግ የተከለከለ አልነበረም፤ ለሌቪ ግን በቀላል የአስተዳደር ቅጣትና በዓመታት እስራት መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ትልቅ ነበር።

የቀረቡበት ክሶች በሦስት አንቀጾች ሥር የተመደቡ ነበሩ። የመጀመሪያው በአንቀጽ 90 መሠረት የበላይን ሕጋዊ ትእዛዝ ሆን ብሎ መጣስ ነው። ሁለተኛው በአንቀጽ 133 መሠረት ለመኮንንና ለጨዋ ሰው የማይገባ ጠባይ ማሳየት፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንቀጽ 134 መሠረት የሠራዊቱን መልካም ሥርዓትና ዲሲፕሊን የሚጎዳ ተግባር መፈጸም ነው። የመጀመሪያው ክስ እምቢታውን፣ ሁለቱ ደግሞ በአመዛኙ ንግግሩን የሚመለከቱ ነበሩ።

በግንቦት 1967 በተጀመረው ችሎት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተፈጠረ። ችሎቱን በሕግ ጉዳዮች ይመራ የነበረው የሕግ መኮንን፣ የልዩ ኃይሉ አባላት በቬትናም የጦር ወንጀልን እንደ ልማድ የሚፈጽሙ መሆናቸውን መከላከያው ካስረዳ፣ እነርሱን ማሠልጠን የሚያዘው ትእዛዝ ሕገ ወጥ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ የተደነገጉ መርሖች በአንድ የአሜሪካ ጦር ፍርድ ቤት ውስጥ እንደ መከላከያ ሊነሡ መቻላቸው ትልቅ ትኩረት ሳበ። ፈራጆቹ መኮንኖች በሌሉበት በተደረገው ቃል መስማት የቀድሞ የልዩ ኃይል አባል የነበረው ዶናልድ ዳንካን፣ ደራሲው ሮቢን ሙርና የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፒተር ቦርን ቀርበው ተሰሙ። የሕግ መኮንኑ ግን በመጨረሻ የቀረበው ማስረጃ የሕክምና ሥልጠናው ለወንጀል መፈጸሚያ እንደሚውል አያሳይም በማለት ክርክሩ ወደ ፈራጆቹ እንዳይደርስ ወሰነ። በሰኔ 1967 መጀመሪያ ሌቪ ጥፋተኛ ተብሎ ከሠራዊቱ እንዲሰናበት፣ ደመወዙንና አበሉን እንዲያጣ፣ እንዲሁም የጉልበት ሥራ ባለበት የ3 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ተፈረደበት።

3. ረጅሙ የይግባኝ መንገድ

የሌቪ ይግባኝ በሁለት ምዕራፎች ይከፈላል። የመጀመሪያው በወታደራዊው ሥርዓት ውስጥ ያለፈው ነው። ፍርዱን የሠራዊቱ የይግባኝ መርማሪ ቦርድ አጸናው፤ ከሲቪል ዳኞች የተዋቀረው የወታደራዊ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበለው ቀረ። በዚያ ዘመን ከዚህ ፍርድ ቤት ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀጥታ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ይህ መንገድ የተከፈተው በ1983 በወጣው የወታደራዊ ፍትሕ ማሻሻያ ሕግ ነው። በመሆኑም ለሌቪ የቀረለት አማራጭ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን ለመደበኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማቅረብ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ በባሕርዩ ከይግባኝ ይጠባል። በይግባኝ ጊዜ የበላይ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን የሕግ ስሕተት ይመረምራል። አካልን ነጻ በማውጣት አቤቱታ ጊዜ ግን ዋናው ጥያቄ ታሳሪው የተያዘው ሥልጣን ባለው አካልና ሕገ መንግሥቱን ባልጣሰ ሂደት ነው ወይ የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1953 በበርንስና በዊልሰን ጉዳይ እንዳስቀመጠው፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች የታሳሪውን ክርክር በሙላትና በሚዛናዊነት ተመልክተውት ከሆነ የሲቪል ፍርድ ቤት ማስረጃውን እንደገና አይመዝንም።

ሌቪ አቤቱታውን ያቀረበው ታስሮበት በነበረው በፔንሲልቬንያ ለሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። በነሐሴ 1969 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ በዋስ እንዲለቀቅ ሲፈቅዱለት ከ2 ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። በ1973 ግን የሦስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነገሩን ገለበጠው። አንቀጽ 133 እና አንቀጽ 134 ምን እንደሚከለክሉ አንባቢ ሊያውቅ በማይችልበት መጠን አሻሚ ስለሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ። በአንቀጽ 90 የቀረበውን የአለመታዘዝ ክስ በተመለከተም ድንጋጌው በራሱ ችግር ባይኖርበትም፣ ፈራጆቹ ሦስቱን ክሶች አንድ ላይ በማየታቸው ስለ እምቢታው የሰጡት ብይን በንግግሩ ማስረጃ ተበክሎ ሊሆን ይችላልና በዚህ ክስ ላይ አዲስ ችሎት ያስፈልጋል ሲል ወሰነ።

ይህ የመጨረሻ ነጥብ ለአለመታዘዝ ይግባኞች ትልቅ ትምህርት አለው። ከሳሽ እምቢታን ከሐሳብ መግለጽ ጋር አጣምሮ ሲያቀርብ፣ ፈራጁ የሚመለከተው አንድን የተወሰነ ድርጊት ብቻ ሳይሆን የአንድን ሰው አጠቃላይ አቋም ነው። የሥልጠናው ትእዛዝ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለው ጥያቄ «ይህ ሰው ለሠራዊቱ ታማኝ ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄ ይዋጣል።

4. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድና የልዩነት ሐሳቡ

መንግሥት ባቀረበው ይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 19 ቀን 1974 ፍርዱን ሰጠ። አንድ ዳኛ ባልተሳተፉበት በዚህ ችሎት በ5 ለ3 ድምፅ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሻረ። የአብላጫውን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ሬንኲስት ናቸው።

ሐተታው የተገነባው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው ሠራዊት ከሲቪሉ ኅብረተሰብ የተለየ፣ የራሱ ወግና ሕግ ያለው ማኅበረሰብ ነው የሚለው ነው። ሁለቱ አከራካሪ አንቀጾች ከእንግሊዝ የጦር ሕጎች የተወረሱና በአሜሪካ ከ1775 ጀምሮ የቆዩ በመሆናቸው፣ በረጅም ዘመን ልማድ፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ትርጓሜና በመመሪያ መጻሕፍት ይዘታቸው ጠብቧል ተባለ። ሁለተኛው ምሰሶ የመለኪያው መላላት ነው። የወታደራዊ ሕግ አሻሚነት የሚመዘነው የኢኮኖሚ ጉዳዮችን በሚቆጣጠሩ የወንጀል ሕጎች ላይ በሚሠራው ላላ ያለ መለኪያ ነው ተባለ። ሦስተኛው ምሰሶ ሌቪን በግል የሚመለከት ነው። ንግግሩ በአንቀጾቹ ግልጽ ክልል ውስጥ የሚወድቅና የሚያስቀጣ መሆኑን ሊጠራጠር የማይችል ሰው፣ ሕጉ ለሌሎች ሊያሻማ ይችላል ብሎ ሊከራከር አይችልም። ሁለቱ አንቀጾች ሲጸኑ፣ ክሶቹ አብረው በመታየታቸው በአንቀጽ 90 ላይ የቀረበው ቅሬታም መሠረቱን አጣ።

በተቃራኒው ዳኛ ፖተር ስቱዋርት ከሌሎች ሁለት ዳኞች ጋር ባሰፈሩት የልዩነት ሐሳብ፣ ሁለቱ አንቀጾች ወታደሩን ምን ማድረግ እንዳለበት የማያስተምሩ፣ ለከሳሹም መጠን የለሽ ሥልጣን የሚሰጡ መሆናቸውን ሞገቱ። በእርሳቸው አመለካከት ሠራዊት ጥብቅ ዲሲፕሊን ይፈልጋል ማለት ግልጽ ያልሆነ ሕግ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ይልቁንም ጥብቅ ታዛዥነት የሚጠየቅ ሰው የሚታዘዝለትን ሕግ በትክክል ማወቅ ይገባዋል። ዳኛ ዳግላስ በበኩላቸው ጉዳዩን ከንግግር ነጻነት አንጻር ተመልክተው ለብቻቸው ጽፈዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያልወሰነው ነገር ነው። ክርክሩ ያተኮረው በሁለቱ አጠቃላይ አንቀጾች ላይ በመሆኑ፣ ሥልጠናውን የሚያዘው ትእዛዝ ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውና በችሎቱ ያን ያህል ትኩረት የሳበው ጥያቄ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መልስ አላገኘም። ይግባኝ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከፍሬ ነገሩ እየራቀ ወደ ሕግ ቅርጽ ይጠጋል፤ ሌቪን እምቢ ያሰኘው ምክንያትና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ነጥብ የተለያዩ ነበሩ።

5. የትእዛዝን ሕጋዊነት ማን ይወስናል? የኒው ጉዳይ

በሌቪ ጉዳይ መልስ ያላገኘው ጥያቄ ከ20 ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተነሣ። በጀርመን በሰፈረ የአሜሪካ ክፍለ ጦር የሕክምና ረዳት የነበረው ማይክል ኒው፣ ክፍሉ በመቄዶንያ ለተሰማራው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ሲመደብ የድርጅቱን ሰማያዊ ቆብና የትከሻ ምልክት እንዲያደርግ ታዘዘ። በጥቅምት 10 ቀን 1995 በሰልፍ ላይ ያለ ምልክቱ ተገኘ። በጥር 1996 ጦር ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎት በመጥፎ ጠባይ ከሠራዊቱ እንዲሰናበት ፈረደበት።

የኒው መከራከሪያ የሌቪ ዓይነት የሙያ ሥነ ምግባር ክርክር አልነበረም። ትእዛዙ ሕገ ወጥ ነው የሚል ቀጥተኛ የሕግ ክርክር ነበር፤ ምልክቱ በደንብ ልብስ መመሪያ አልተፈቀደም፣ ሥምሪቱም የምክር ቤቱን ፈቃድ አላገኘም በማለት ተከራከረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትእዛዙ ሕጋዊነት የወንጀሉ ፍሬ ነገር ስለሆነ መወሰን የነበረባቸው ፈራጆቹ እንጂ ዳኛው ብቻቸውን አይደሉም የሚል ነጥብ አነሣ። የሠራዊቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ካጸናው በኋላ፣ በሲቪል ዳኞች የተዋቀረው የጦር ኃይሎች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 ጉዳዩን መርምሮ ይግባኙን ውድቅ አደረገ። የትእዛዝ ሕጋዊነት በዳኛ የሚወሰን የሕግ ጥያቄ ነው፤ የሥምሪቱ ሕጋዊነት ደግሞ ፍርድ ቤት የማይገባበት የፖለቲካ ጥያቄ ነው ተባለ። በውጤቱ የተስማሙ አንድ ዳኛ ግን ሕጋዊነት የወንጀሉ ፍሬ ነገር ስለሆነ ለፈራጆቹ መቅረብ ነበረበት ሲሉ የተለየ ሐሳብ አስፍረዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የቀረበለትን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ።

የዚህ ፍርድ ትርጉም ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የትእዛዝ ሕጋዊነት በዳኛ በጽሑፍ የሚወሰን የሕግ ጥያቄ በመሆኑ በይግባኝ በቀላሉ ሊመረመር ይችላል፤ ውሳኔውም ለሁሉም ክፍሎች አንድ ወጥ ይሆናል። በሌላ በኩል ተከሳሹን ጥፋተኛ ነህ የሚሉት ፈራጆች በክርክሩ እምብርት ላይ ድምፅ አይኖራቸውም።

6. ዲሲፕሊን ወይስ ወንጀል? የኤንግል ጉዳይ

በአውሮፓ ክርክሩ የያዘው መልክ የተለየ ነበር። አምስት የኔዘርላንድስ ወታደሮች፣ ሁሉም በግዴታ አገልግሎት ላይ የነበሩ፣ በ1970 እና በ1971 በተለያዩ የዲሲፕሊን ጥፋቶች በአዛዦቻቸው ተቀጡ። አንዱ በግዴለሽነት ጂፕ በመንዳቱና የታዘዘውን ባለመፈጸሙ፣ ሁለቱ ዲሲፕሊንን የሚያላላ ነው የተባለ መጽሔት በማዘጋጀታቸው የተቀጡ ናቸው። የአገሪቱ የ1903 የወታደራዊ ዲሲፕሊን ሕግ ከቀላል እስር ጀምሮ በሥርዓት ማስያዣ ክፍል ለወራት እስከ መቆየት የሚደርሱ ቅጣቶችን ይፈቅድ ነበር። ወታደሮቹ ይግባኛቸውን በሄግ ለሚገኘው ጠቅላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አቀረቡ። ይህ ፍርድ ቤት ሁለት ሲቪል የሕግ ባለሙያዎችና አራት መኮንኖች የሚሰየሙበት ሲሆን የዲሲፕሊን ይግባኞችን በዝግ ችሎት የመስማት ልማድ ነበረው።

ጉዳዩ ወደ ስትራስቡርግ ሲደርስ ዋናው ጥያቄ አንድ መንግሥት አንድን ጥፋት «ዲሲፕሊን» ብሎ በመሰየም ብቻ ለወንጀል ተከሳሽ የሚገቡትን ዋስትናዎች ሊያስቀር ይችላል ወይ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 8 ቀን 1976 በሰጠው ፍርድ ሦስት መለኪያዎችን አስቀመጠ፦ የአገሩ ሕግ ለጥፋቱ የሰጠው ስያሜ፣ የጥፋቱ ባሕርይ፣ እንዲሁም ሊጣል የሚችለው ቅጣት ክብደት። የመጀመሪያው መለኪያ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በዚህ ሚዛን በሥርዓት ማስያዣ ክፍል ለወራት የመቆየት ቅጣት የተጋረጠባቸው ሦስቱ ወታደሮች በእውነት የወንጀል ክስ ቀርቦባቸው ነበር ተባለ፤ ይግባኛቸው በዝግ መሰማቱም መብታቸውን የጣሰ ሆኖ ተገኘ። ከሦስቱ የአንዱ የ3 ወር ቅጣት በይግባኝ ወደ 12 ቀን እስር ዝቅ ብሎለት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የይግባኙ የመጨረሻ ውጤት በመነሻው ተጋርጦ የነበረውን አደጋ አያሳንሰውም አለ።

ከመጽሔቱ ጋር በተያያዘ የቀረበው የሐሳብ ነጻነት አቤቱታ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ኤንግል በበኩሉ በሕግ ከተፈቀደው 24 ሰዓት በላይ በጥብቅ እስር በመቆየቱ የነጻነት መብቱ እንደተጣሰ ተወስኖለታል። በኅዳር 1976 የተሰጠው የካሳ ውሳኔ ግን ለእርሱ 100 የኔዘርላንድስ ጊልደር ብቻ የፈቀደ ሲሆን፣ ለሦስቱ የመብት ጥሰቱ መረጋገጥ በራሱ በቂ ነው ተብሏል።

7. ንጽጽር

ሦስቱ ጉዳዮች ሲነጻጸሩ የበላይ ፍርድ ቤት ለተቀጣው ወታደር ሊመረምርለት የሚችላቸው ሦስት ጥያቄዎች ተለይተው ይወጣሉ። የኒው ጉዳይ የትእዛዙን ሕጋዊነት፣ የሌቪ ጉዳይ የሕጉን ግልጽነት፣ የኤንግል ጉዳይ ደግሞ የሂደቱን ሚዛናዊነት ይመለከታሉ። ፍርድ ቤቶች በሦስቱ ላይ ያሳዩት ድፍረት እኩል አይደለም። በትእዛዙ ይዘት ላይ እጅግ ይቆጠባሉ፤ አዛዥ ያዘዘውን ዳኛ ቢሽር የዕዝ ሥልጣን ወደ ችሎት ይሸጋገራል የሚል ስጋት አለባቸው። በሕጉ ግልጽነት ላይ ይከፋፈላሉ፤ የሌቪ ጉዳይ በ5 ለ3 ድምፅ መወሰኑ ለዚህ ምስክር ነው። በሂደቱ ላይ ግን ሥነ ሥርዓት የዳኞች የራሳቸው ሙያ በመሆኑ ደፈር ይላሉ።

ሁለቱ የዳኝነት ወጎች የተነሡበት ነጥብም ይለያያል። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሠራዊት የተለየ ማኅበረሰብ ነው» ብሎ ተነሥቶ ከዚያ የወታደሩን መብት መጠን ፈለገ። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት ደግሞ የስምምነቱ መብቶች ለወታደርም እንደሚሠሩ ከተቀበለ በኋላ የወታደራዊ ሕይወት ጠባይ ምን ያህል ሊያጠብባቸው እንደሚችል ጠየቀ። በሐሳብ ነጻነት ላይ ሁለቱም ወደ ተቀራራቢ ውጤት ቢደርሱም የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው በተለያዩ ወገኖች ላይ ነው። በመጀመሪያው አካሄድ ወታደሩ መብቱ ለምን ይጠበቅልኝ እንደሚል፣ በሁለተኛው ደግሞ መንግሥት መብቱ ለምን እንደተገደበ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ከጉዳዮቹ የሚወጡ ተግባራዊ ትምህርቶችም አሉ። የትእዛዝ ሕጋዊነት ክርክር በሥር ፍርድ ቤት ተነሥቶ በማስረጃ ካልተደገፈ በይግባኝ ሊያንሠራራ አይችልም፤ የሌቪ የኑረምበርግ ክርክር የሞተው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይሆን በጦር ፍርድ ቤቱ የማስረጃ ብይን ነው። የእምቢታ ክስ ከንግግር ክስ ጋር ሲጣመር ተለይተው እንዲታዩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጉዳዩ በዲሲፕሊን መንገድ ወይስ በወንጀል መንገድ ይታይ የሚለው የአዛዥ ምርጫም ከፍርዱ ባልተናነሰ የወታደሩን ዕጣ ስለሚወስን ራሱ በሕግ ሊመዘን ይገባል።

ማጠቃለያ

በሦስቱም ጉዳዮች «እምቢታዬ ትክክል ነበር» የሚል ውሳኔ ያገኘ ወታደር የለም። ሌቪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲረታ የእስራቱን አብዛኛውን ክፍል ጨርሶ ነበር፤ ኒው ከሠራዊቱ ተሰናብቷል፤ የኔዘርላንድሶቹ ወታደሮች የረቱት በሂደቱ እንጂ በጥፋቱ ላይ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ይግባኙ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። የኤንግል መለኪያዎች ከሠራዊት ጉዳይ አልፈው በአውሮፓ ቅጣት የሚያስከትሉ የአስተዳደር እርምጃዎች ሁሉ የሚመዘኑባቸው ሆነዋል። በኒው ጉዳይ የትእዛዝ ሕጋዊነትን ማን እንደሚወስን በግልጽ ተቀምጧል። የሌቪ ጉዳይ ደግሞ በሠራዊት ሕግ ግልጽነት ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የአብላጫ ሐተታና ከእርሱ ያላነሰ የልዩነት ሐሳብ አስገኝቷል።

ወታደር ትእዛዝን በቅጽበት እንዲፈጽም ሕግ ያስገድደዋል፤ በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነውን እንዳይፈጽምም ያስገድደዋል። ሁለቱን ግዴታዎች በአንድ ሰው ላይ የጫነ ሥርዓት፣ ያ ሰው መስመሩን ሲስት በዕዝ ሰንሰለቱ ውስጥ በሌለ፣ ክርክሩን በግልጽ ችሎት በሚሰማና የሕጉን ወሰን አስቀድሞ ባሳወቀ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ የማድረግ ዕዳ አለበት። የይግባኝ መብት ዲሲፕሊንን ያላላል የሚለው ስጋትም መመዘን ያለበት ከዚህ ዕዳ ጋር ተነጻጽሮ ነው።